መጋዘኑ ይስፋ አይስፋ ከማለታችን በፊት

(ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። ጥያቄና መልሱን ከሞላ ጎደል እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቆማችሁ ያላችሁ ኑ፣ ፊት ወንበር አለ። ፊት የተቀመጠ ይጠየቃል ብላችሁ ከሆነ አትስጉ፣ ዛሬ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

የጠሩኝ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። «አንተ ፕላን ተምረሃል፣ መጥተህ አስረዳን» አሉኝ። አበል የለውም። ሻይ ግን አለ ተብያለሁ፤ እሱም ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። ብልጦች ናቸው።

ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን አለ። ባለቤቱ ማስፋት ይፈልጋል። ማመልከቻ አስገብቷል፣ ፋይሉ ግምገማ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ለሁለት ተከፍላችኋል። ግማሹ «ልማት ነው፣ ለምን ይከለከላል» ይላል። ግማሹ «ልጆቻችንን በሲኖ ሊያስጨርስ ነው» ይላል። የባለቤቱን ስም አልጠራም፣ ቦታውንም አልናገርም። ቁጥሮቹንም ለሒሳብ እንዲመቹ አድርጌ ነው የምወስዳቸው። አሁን ያለው መጋዘን 2,000 ካሬ ሜትር ነው እንበል፣ የሚጨመረው 3,000 ነው እንበል። ከሌላ ሰፈር የመጣችሁ የራሳችሁን ቁጥር እያስገባችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ መጋዘን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ከተማችን ያለችበትን ቦታ አስቡት። በደቡብ በኩል ሜጫ በቆሎውን፣ ቆጋ በመስኖ ስንዴና ሽንኩርቱን ይዘው ይመጣሉ። በሰሜን ምሥራቅ ፎገራ ሩዙን ይዞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ጎንደር የሚገባው መንገድ በእኛው ከተማ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መጋዘን ባይሠራ ነበር የሚገርመው። ገበሬው ጥር ላይ ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ ይሸጣል፣ ሐምሌ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። በደንብ ያልተቀመጠውን ደግሞ ነቀዝ ይበላዋል። በቆሎ እርጥበት ከነካው ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመጣል፣ ያ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው። ስለዚህ «መጋዘን ምን ያደርግልናል» የሚለውን ክርክር ዛሬ እንዝለለው። ይጠቅማል።

ለባለቤቱም አንድ ነገር ልናገርለት። መጋዘኑ መጀመሪያ ሲሠራ አካባቢው የከተማው ዳር ነበር። ባሕር ዳር ማለት በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲያወጡላት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲተከሉ ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከተማው ነው እየመጣ ዳር የነበረውን ሁሉ የከበበው። «እኔ ቀድሜ እዚህ ነበርኩ» ቢላችሁ ውሸት አይደለም። ቀድሞ መምጣቱ ግን የፈለገውን ያህል የመስፋት መብት አይሰጠውም። ሁለቱን ለያይታችሁ ያዙ፣ ስብሰባ ላይ ይደባለቃሉ።

አሁን ወደ ማስፋፊያ።

አዲስ ነገር ሲሠራ ሁሉም ዓይኑን ይከፍታል። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ቆርቆሮ አጥር ተተክሎ «ምንድን ነው የሚሠራው?» ይባላል። ማስፋፊያ ግን እንደ ክፉ ጎረቤት አጥር ነው፣ በየዓመቱ አንድ ስንዝር ይገፋል፣ በስንዝር ደግሞ ማን ይጣላል? መጀመሪያ ጥላ ይሠራል። ቀጥሎ ጥላው ግድግዳ ያወጣል። ከዚያ ግቢው ኮንክሪት ይሆናል። አምስት ዓመት ቆይታችሁ ስታዩት ሌላ ግቢ ነው። ያኔ ትጮሃላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው።

ሕጉ ይህን አስቦበታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አዲስ ሥራን ብቻ አይደለም የሚመለከተው፤ የነባር ሥራ ከፍተኛ ማስፋፊያና ለውጥንም ያካትታል። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት መስማማቱን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። ጥናት ተሠርቶ ከቀረበ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰበሰብበታል። እዚህ ላይ ክርክሩ «ከፍተኛ» የሚባለው ስንት ነው የሚለው ላይ ይሆናል። አመልካቹ «ትንሽ ጭማሪ ናት» ይላል። 2,000 የነበረ ነገር 5,000 ሲሆን ትንሽ ጭማሪ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አብሬው እህል አልሸጥም። ሚዛኑ ያስፈራኛል።

ሁለተኛው ፕላኑ ነው። በከተማ ፕላን አዋጁ፣ በ574/2000 ማለቴ ነው፣ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ይኖረዋል፣ ለ10 ዓመትም ያገለግላል። ከሱ በታች የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። ካርታ ነው፣ ቀለም አለው። ቦታው ለምን ተመደበ? ለመኖሪያ ነው፣ ለቅይጥ ማለትም ለመኖሪያም ለንግድም ነው፣ ለማከማቻ ነው? ይህን ለማወቅ ፕላን ክፍሉ ሄዶ ማየት ነው። የሚገርማችሁ ነገር፣ ስለ አንድ ግንባታ ወር ሙሉ የሚጣላ ሰፈር ካርታውን ያየ አንድ ሰው አይኖረውም። ከዚህ ስብሰባ በኋላ ሁለት ሰው ምረጡና ላኩ። ስልካችሁ ፎቶ ያነሳል አይደል?

ፋይሉ ውስጥ የምታገኙት ሥዕል የሕንፃ ነው። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ መሠረት። ገምጋሚውም በብዛት የሚያየው ያንን ነው፤ ብረቱ ስንት ነው፣ መሠረቱ ስንት ወረደ፣ ከወሰን ስንት ሜትር ራቀ። ደግ ነው፣ ይታይ። ግን የመጋዘን ግድግዳ ማንን አስቸግሮ ያውቃል? ቆሞ ነው የሚውለው። የሚያስቸግረው ገቢና ወጪው ነው፣ እሱ ደግሞ ሥዕሉ ላይ የለም።

እስኪ እናስላ። ስልክ ያላችሁ ካልኩሌተሩን ክፈቱት።

ከ3,000 ካሬ ሜትሩ ላይ ለመተላለፊያና ለማራገፊያ አንድ ሦስተኛውን ቀንሱ። እህል ከግድግዳም መራቅ አለበት፣ አለዚያ እርጥበት ይስባል። 2,000 ቀረ። ጆንያው 4 ሜትር ከፍታ ድረስ ተደረደረ እንበል። 8,000 ሜትር ኩብ መጣ። አንድ ሜትር ኩብ ወደ 7 ኩንታል ይይዛል፣ እንደ እህሉ ዓይነት ከፍ ዝቅ ይላል። 56,000 ኩንታል። ጭማሪው ይሄ ነው፣ የድሮውን ሳንቆጥር።

በምን ይመጣል? ከነተሳቢው 400 ኩንታል በሚጭን መኪና ከሆነ 140 መኪና ይበቃል። ብዙ አይመስልም፣ አመልካቹም የሚነግራችሁ ይሄን ቁጥር ነው። ግን ከገጠር ገበያ የሚሰበሰብ እህል በተሳቢ አይመጣም፣ በአይሱዙ ነው የሚመጣው። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ካሰላችሁት 1,120 ይሆናል። ሲወጣ ደግሞ በተሳቢ ይወጣል፣ 140 ጨምሩበት። 1,260 መኪና። እያንዳንዱ በራችሁ ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ሲመጣ አንዴ ሲሄድ አንዴ፤ ስለዚህ 2,520 ጊዜ። ይሄ መጋዘኑ አንድ ጊዜ ሞልቶ አንድ ጊዜ ሲራገፍ ነው። ነጋዴ ደግሞ በዓመት አንዴ ሞልቶ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ አይተኛም፣ ያገላብጠዋል።

«ለ365 ቀን ብትካፍለው ጥቂት ነው» የሚል ባለሙያ ይመጣል። እህል ግን በአማካይ አይመጣም። ሲወቃ ነው የሚመጣው፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ። ያን 1,120 አይሱዙ በ50 የሥራ ቀን ብትበትኑት በቀን ከ22 በላይ ነው፣ ሲመለሱም ሲቆጠር 45 ጊዜ ገደማ። ገበያ በሚውልበት ቀን ደግሞ እጥፍ አድርጉት።

እነዚህ መኪኖች የሚያልፉት የት ነው? አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ተመርቋል፣ 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ወንዙን መሻገር ቀሏል። የእናንተ መንገድ ግን ድልድይ አይደለም። ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ለእግረኛ፣ ለባጃጅ፣ ለቤት መኪና የተነጠፈ ነገር ነው፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ በሙሉ ጭነት ተሳቢ ጎማ ሲረገጥ ይሸሻል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባዋል፣ ከዚያ ያለቀለት ነው። ማን ይጠግነዋል? ፈቃዱ ላይ ካልተጻፈ ማንም አይጠግነውም፣ ወይም እናንተው መዋጮ ታዋጣላችሁ።

ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ናት። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ወተት የሚያደርሰው በብስክሌት ነው የሚሄደው። ተሳቢ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ሹፌሩ በዚያ በኩል ያለውን ብስክሌተኛ በመስታወት ላያየው ይችላል። በሩ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከሆነ አደጋው የሹፌሩ ብልግና አይደለም፣ የበሩ ቦታ ነው። በሩን ማዛወር ደግሞ ወረቀት ላይ እያለ በላጲስ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ግን በዶማና በክርክር ነው።

እንግዲህ ስለ መኪና መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት መኪና ይመጣል?» ብቻ አይደለም። የት ይጠብቃል? ማራገፊያው ሁለት መኪና ብቻ የሚያስተናግድ ከሆነና በቀን 22 ቢመጣ፣ ሌላው መንገድ ዳር ነው የሚሰለፈው። ረዳቱ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ ሹፌሩ ጥላ ሥር ይተኛል፣ መጸዳጃ ይፈልጋል፤ መጸዳጃ ካልተሠራለት የእናንተ አጥር አለለት። የመጠበቂያ ቦታ በግቢው ውስጥ ይሁን በሉ። ይህ ብቻውን ከ3,000 ካሬ ሜትሩ ላይ የተወሰነ ይቀንሳል። ይቀንስ።

ወደ ውሃው ልምጣ። እኔን ከመኪናው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም መኪናው ይታያል፣ ይጮሃል፤ ውሃው ዝም ብሎ የሌላ ሰው ቤት ይገባል።

ከተማችን በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፣ ይሄን ያዙት፣ ለሁሉም ይጠቅማችኋል። አዲሱ ጣሪያ 3,000 ካሬ ሜትር ነው። ግቢው ላይ የሚፈሰውን ኮንክሪት 2,000 እንበለው። 5,000 ሆነ። አንድ የነሐሴ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 200,000 ሊትር ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ አስቡና 20 ቦቴ ደርድራችሁ በአንዴ ቫልቩን ክፈቱት። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ ሣርና አፈር ነበረ፣ የተወሰነውን ይመጠው ነበር። ቆርቆሮና ኮንክሪት ምንም አይመጥም።

ከተማው ደግሞ ሜዳ ነው። ውሃ ተዳፋት ካላገኘ አይቸኩልም። ቦዩ ግማሹ ላስቲክና ሃይላንድ ነው። ሐይቁ ራሱ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ፣ ከፍታው ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ዳር ያሉ ቦዮች መውጫቸው ይታነቃል። መሐንዲሱ «የማስረጊያ ጉድጓድ እንቆፍራለን» ሊላችሁ ይችላል። ጥሩ መልስ ይመስላል። ግን ብዙ ሰፈራችን የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠግብ አብጦ ይዘጋል። ነሐሴ ላይ የማስረጊያ ጉድጓድ ራሱ ውሃ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ጥያቄው «ጉድጓድ አለ ወይ?» መሆን የለበትም። «ጉድጓዱ ነሐሴ ላይ ይሠራል ወይ? አፈሩ ተፈትኗል ወይ? የተፈተነው በየትኛው ወር ነው?» በሉ። የካቲት ላይ የተፈተነ አፈር ሁሉ ጎበዝ ነው።

የሚሻለው የጣሪያውን ውሃ በገንዳ ይዞ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቀስ አድርጎ በጠባብ ቱቦ መልቀቅ ነው። ገንዳው በጥቅሙ የራሱን ወጪ ይካሳል። እህልና ጆንያ በሞላበት ግቢ እሳት ቢነሳ የከተማው ቦቴ እስኪደርስ የሚረጭ ውሃ በእጅ አለ ማለት ነው። የተወሰነው ሁልጊዜ ለእሳት ይቀመጥ፣ ከላይ ያለው ለጎርፍ ባዶ ይሁን። ባለሀብቱ ይሄን ቢሰማ የሚጠላው አይመስለኝም፣ የኢንሹራንስ ሰዎችም ይወዱታል።

ውሃው በመጨረሻ የሚደርሰው ጣና ወይም አባይ ነው፣ ሌላ መሄጃ የለውም። ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፤ ግን ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። በ2007 ዩኔስኮ አካባቢውን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። ከዚያ በፊት በ2004 ግን እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ተገኝቶ ነበር። እምቦጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያገኝ ነው የሚፋፋው። እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ፈቃዱ «መጋዘን» ካለ ዛሬ ጤፍ ነው፣ ነገ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያና ኤንፒኤስ የሚቀመጥበት ቤት ወለሉ ሲጠረግ፣ የተቀደደ ጆንያ ሲራገፍ፣ ግቢው በውሃ ሲታጠብ፣ ያ ሁሉ ቦይ ውስጥ ይገባል። በየክረምቱ አረም ለመንቀል ሰው እናሰልፋለን፣ በዚህ በኩል ደግሞ ቀለቡን እንልክለታለን። ምን እንደሚቀመጥ ፈቃዱ ላይ በዝርዝር ይጻፍ። «እህልና ጥራጥሬ» ከተባለ እህልና ጥራጥሬ ነው።

ስለ ነቀዝ መድኃኒትም ትንሽ ልበል። መጋዘን ውስጥ የሚጣለው ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፣ ገበያ ላይ ፎስቶክሲን ትሉታላችሁ። በአየር ውስጥ ያለች እርጥበት ስታገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ሥራው በአግባቡ ከተሠራ፣ ክምሩ በሸራ ተሸፍኖ፣ ዳሩ ታሽጎ፣ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ፣ ከዚያም በቂ ጊዜ ተናፍሶ ከሆነ ችግር የለውም፤ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። ችግሩ የመጋዘኑ ግድግዳ ከሰው መኝታ ቤት ጋር ሲጣበቅና የአየር መውጫው ወደዚያ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከመኖሪያ ቤት ጋር በሚዋሰነው ወገን የአየር መውጫ አይሠራ። መድኃኒት በሚጣልበት ቀን ለጎረቤት አስቀድሞ ይነገር። የሚጥለው ሰው የሠለጠነ ይሁን፣ ዘበኛው አይደለም። ዘበኛው እዚያው ያድራል፣ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

እሺ፣ ብዙ አወራሁ። ጥያቄ።

አንዲት እናት ከመሀል ተነሱ። «ልጄ፣ አንተ ይህን ሁሉ ትላለህ፣ እኛ ብንጽፍስ ማን ያነበዋል?»

እማማ፣ ትክክል ነዎት፣ ብዙው አይነበብም። ግን ለምን እንደማይነበብ ልንገርዎት። አብዛኛው ማመልከቻ «ሰፈራችን ተበደለ፣ ሕዝብ እየተቆጣ ነው፣ አፋጣኝ ምላሽ ይሰጠን» ብሎ 80 ፊርማ ያስከትላል። ገምጋሚው በዚህ ምን ያድርግ? የሚጨብጠው ነገር የለውም። እናንተ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤ «ባለፈው ነሐሴ ቦዩ ሞልቶ ውሃው እዚህ ቤት ደፍ ደርሷል፣ ፎቶው ይኸው። የተጨማሪው ጣሪያ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በፕላኑ ላይ አላየንም። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ይታይልን።» ይሄን ሊያልፈው አይችልም፣ ቢያልፈው እንኳ ኋላ ይጠየቅበታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ ሰው በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ተጽፏል፣ ያንንም አንድ መስመር አስገቡት፤ ደብዳቤውን ግን በሕግ ጥቅስ አትሙሉት። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ፣ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱና ይዛችሁ ተመለሱ። በቃል «አሳውቀናል» ማለት ምንም አይደለም። ደግሞ ፍጠኑ። የተጽዕኖ ጥናት ሲቀርብ መሥሪያ ቤቱ ለመወሰን በአዋጁ 15 የሥራ ቀን ነው ያለው። ውሳኔው ካልጣማችሁ ቅሬታ ለኃላፊው ይቀርባል፣ እሱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

አንድ ወጣት፣ ጫኝና አውራጅ ነው። «ጋሼ፣ እኛ ከዚህ መጋዘን ነው የምንበላው። አሁን አንተ ሰዎቹን አስፈራርተህ ሥራችንን ልታዘጋብን ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አጨብጭቡለት። እኔ ከተናገርኩት ውስጥ መጋዘኑ ይዘጋ የሚል አንድ ቃል የለም። 56,000 ኩንታል በትከሻ ሲወርድና ሲጫን ለእናንተ ብዙ እንጀራ ነው፣ ይሄ እውነት ነው፣ በሰፈሩ ደብዳቤ ላይም ይጻፍ። የሥራ ጉዳይ ሲነሳ ግን ቁጥሩን ጠይቅ። መጋዘን ፋብሪካ አይደለም። ቋሚ ሠራተኛው ዘበኛ፣ መጋዘን ያዥ፣ ሒሳብ የምትይዝ፣ ሁለት ሦስት ሰው ነው፤ ቀሪው እንደ እናንተ በኩንታል የሚከፈለው ነው፣ አዝመራ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ነገ ፎርክሊፍት ቢያመጣስ? «ለዚህን ያህል ሰው ሥራ እፈጥራለሁ» የሚል ማመልከቻው ላይ ካለ ስንቱ ቋሚ ስንቱ የወቅት እንደሆነ ይለይ። የእናንተ ማኅበርም መጠለያና ውሃ ይሠራልን ብሎ የራሱን ደብዳቤ ያስገባ። ጸሐይ ላይ ተቀምጣችሁ መኪና ስትጠብቁ አይቻችኋለሁ።

አንድ ሰው፣ ሱፍ የለበሱ፣ የባለሀብቱ ወገን መሆናቸውን ኋላ ነው ያወቅሁት። «ቅድመ ሁኔታ ሲበዛ ባለሀብት ሌላ ከተማ ይሄዳል። ይህን አስበውበታል?»

አስቤበታለሁ። ባለሀብትን የሚያባርረው የማይታወቅ ነገር ነው። ፈቃድ ወስዶ ግማሽ ሲገነባ ሰፈሩ ተነስቶ ሥራ ይቁም ሲለው፣ ባንክ ደግሞ ወለዱን ሲቆጥርበት፣ ያኔ ነው የሚያለቅሰው። በሩ እዚህ ይሁን፣ ገንዳው ይህን ያህል ይያዝ፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ተሳቢ አይግባ ተብሎ ከመጀመሪያው ከተጻፈለት ዋጋውን አስልቶ ይገባበታል። ኋላ ሌላ ሰው መጥቶ አዲስ ነገር ሲጠይቀው ወረቀቱን ያሳያል። እርስዎ እዚህ መምጣትዎ ደግሞ ጥሩ ነው። ሥዕሉን ይዘው የሚመጡበት ሌላ ቀን ቢቀጥሩልንስ? ሰፈሩ ሥዕሉን ሳያይ ነው የሚጨቃጨቀው፤ ይህ የእነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም።

(እሳቸውም «እናመጣለን» ብለዋል። ብዙ ሰው ሰምቷል፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ተጽፏል።)

የመጨረሻው ባጃጅ ሹፌር ነው። «ተሳቢ ማታ ብቻ ይግባ ቢባልስ? ቀን መንገዱ ለእኛ ይቀራል።»

ለአንተ ይመችሃል፣ እዚያ መንገድ ዳር ለሚተኛው ሰው አይመችም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲመለስ ያንን «ጢጢጢጢ» የሚለውን ድምፅ ታውቀዋለህ። ጫኞቹም ሌሊት በድካም ሲሠሩ ይጎዳሉ። እኔ ብጠየቅ ተማሪ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት ብቻ እዘጋለሁ፤ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ አንድ ሰዓት ያህል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም የጭነት መኪና አይግባ። ግን ይሄ የእኔ ግምት ነው። እናንተ ባጃጆች ቀኑን ሙሉ መንገዱ ላይ ስለሆናችሁ የትኛው ሰዓት እንደሚጨናነቅ ከእኔም ከመሐንዲሱም በላይ ታውቃላችሁ። አንድ ሳምንት በወረቀት ቁጠሩት፣ በየሰዓቱ ስንት የጭነት መኪና አለፈ ብላችሁ። ደብተሩን ከደብዳቤው ጋር አያይዙት። ሁለቱ ካርታ የሚያዩ ሰዎች ሰኞ ይሄዳሉ፣ እናንተም ሰኞ ጀምሩ።

ሻዩ ደርሷል ይላሉ።